ሳታጥቢ ላኪልኝ

ከአገሬ የወጣሁት ከብት ወደ በረት በሚገባበት ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ጥጃ ሲያስር፣ በግ ሲከት፣ እንጨት ሲያስገባ አንዲት እርጉዝ ከመንደሩ ብትጎድል ማን ልብ ይላል ብላ እናቴ መከረች። እኔማ ምክር የሚመጣልኝ ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። እያለቀስኩ እቃ ሳስር እንዝርቴን ያዝኩ፣ አንቀልባውን ያዝኩ፣ ደግሞ ምን እንዳሰብኩ እንጃ የማሰሮ ክዳን ያዝኩ። ማሰሮውን ትቼ ክዳኑን! እናንተ አገር ቤት ያላችሁ ሰዎች ስለ እኔ ስታወሩ ይቺን ብቻ እንዳትረሱ፤ ሱዳን፣ ገላባት ደርሼ ጥቅልሌን ስፈታ እኔ ራሴ ሳቅኩ።

የወጣሁበት ምክንያት ምላሴ ነው። ባሌ ተገኘ ጠመንጃውን ይዞ ዱር ቤቴ ካለ ወዲህ ባንዳዎች ጭልጋ ያለውን ቤታችንን እንደ ዘመድ ቤት ይመላለሱበት ነበር። የመጨረሻ ጊዜ ሲመጡ አለቃቸው ሆዴን ትክ ብሎ አየና፣ "የዚህ አባት የት ነው?" አለኝ።

"እኔ ሆድ ውስጥ ያለው ልጁ ነው፤ አባቱን ሌላ ቦታ ፈልገው" አልኩት።

እሱ በጥፊ መለሰልኝ። ሲሄዱም በሚቀጥለው ክብሪት ይዘን እንመጣለን ብለው ሄዱ። እናቴ ጉንጬን በቀዝቃዛ ውሃ እያሸችልኝ፣ "በቃ፤ ይቺ ምላስ ቤቱን ሳታስቃጥል ትሂድ" አለች።

አብረን እንሂድ ብዬ ለመንኳት፤ እሷ ግን እምቢ አለች። "ተገኘ አንድ ቀን ከጫካ ብቅ ብሎ ቤቱን ባዶ ቢያገኘው ማን ያበላዋል?" አለች። ከዚያ የለበሰችውን ጋቢ ከትከሻዋ አውልቃ ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ራሷ የፈተለችው፣ ስንት ክረምት የለበሰችው፣ በእንዶድ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ጥጃ ጆሮ የለሰለሰ ጋቢ ነው።

"ለልጁ ቅደጂው" አለችኝ። በእኛ አገር ለአራስ ልጅ የሽንት ጨርቅ የሚቀደደው ከሽማግሌ ወይ ከባልቴት ልብስ ነው፤ ጨርቁ ለስላሳ ነው፣ ዕድሜም ያወርሳል ይባላል።

"አንቺስ ምን ትለብሻለሽ?"

"እኔ እሳት አለኝ። ቅደጂው ብያለሁ፤ እንደ ንዋየ ቅድሳት ጠቅልለሽ እንዳታስቀምጪው። አውቅሻለሁ።"

እውነቷን ነው፤ ታውቀኛለች።

ቁልቁል ይዘውኝ የወረዱት ሐጂ ይማም ናቸው። ከጎንደር እስከ ገላባት በአህያ ቡናና ማር ሲያመላልሱ ያረጁ፣ ከእናቴ ጋር ከልጅነታቸው የሚተዋወቁ ነጋዴ ናቸው። ገና ቁልቁለቱን ስንጀምር "ልጄ፣ አህያዋ ላይ ውጪ" ቢሉኝ ደሜ ፈላ። የመሪጌታ ልጅ፣ ያውም አባቴ ፊደል ያስቆጠረኝ፣ በአህያ! በቅሎ ቢሆን ኖሮ እሺ። ሐጂ አህያዋን ከጎኔ ነዷት። ቆላው ሲቃረብ፣ ነፋሱ ከምድጃ የሚወጣ ሲመስል፣ እግሬም ሲያብጥ፣ ለክብሬ እያዘንኩ ወጣሁ። መጨረሻ ላይ ውረጂ ሲሉኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጣሊያን የሰፈረበትን የመተማን ከተማ በጎን ትተን በጥሻው ሄድን። ስደት ሲባል አንዳች ባሕር የሚያሻግር መስሎኝ ነበር። ኢትዮጵያንና ሱዳንን እዚያ ጋ የሚለያቸው ግን አንድ ደረቅ ፈፋ ነው፤ ሱዳኖች ሖር ይሉታል። የመተማ ፍየሎች ጠዋት ይሰደዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። እኔ ወርጄ፣ ወጥቼ፣ "የት ነው አገሩ የሚያልቀው?" ብዬ ብጠይቅ ሐጂ ወደ ኋላ ጠቆሙኝ። አልፌው ነበር። ሳላለቅስበት ማለፌ ቆጨኝና እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገላባት ላይ ያስጠጋችኝ ሲት አሚና ናት። ሲት ማለት እንደ እኛ እሜቴ ነው። ባሏ ነጋዴ ነበር፤ እሱ ሲሞት ሱቁም፣ ከነጋዴዎች የለመደችው አማርኛም ለእሷ ቀሩ። ግቢዋ ውስጥ ራኩባ የሚሉትን የሣር ዳስ ሰጠችኝ። ኪስራ የሚሉትን ቂጣም አበላችኝ፤ እንጀራ ነው ብዬ ለራሴ ብነግረው ሆዴ አላመነኝም። የወለድኩትም በእሷ እጅ ነው። ወንድ ልጅ ሆነ፤ መልሰው አልኩት። እልል ያለችልኝ ሲት አሚና ብቻዋን ናት፤ እልልታዋ ከእኛ ይቀጥናል፤ ግን በዚያ ሰዓት ያገኘሁት እልልታ እሱ ነበር።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። ልጅ ይሸናል። በጋ ነው፣ ጉድጓዱ ደርቋል፣ ውሃ የሚታደለው በእንግሊዙ ሹምና በአስተርጓሚው ፊት ተሰልፎ ነው። አስተርጓሚው የእኛው የጎንደር ሰው ነው፤ ሱሪ ከታጠቀ ወዲህ ግን አማርኛ የሚናገረው ጥርሱ የታመመ ይመስል ነበር።

"ስንት ናችሁ?" አለኝ።

"ሁለት።"

አንቀልባዬን ገለጥ አድርጎ አየ። "ይሄ ሰው አይደለም፤ ግማሽ ነው።"

"ጌታው፣ ሲጠጣ ግማሽ ነው፤ ሲያፈስ ግን የሁለት ሰው ነው። ጨርቅ በምን ልጠብ?"

ሹሙ ምን አለች ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው በእንግሊዝኛ አንድ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ፤ ሹሙም ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ኋላ ስሰማ "ታመሰግናለች" ብሎት ነው። የአንድ ሰው ተኩል ውሃዬን ይዤ ሄድኩ።

ሲት አሚና ጣሳዬን አይታ፣ "ጨርቁን ተዪው፤ ጥጥ አድርጊለት። ሲሸና ጣይው፣ ሌላ አድርጊለት" አለችኝ።

"ጣይው?"

"ጣይው!"

እህቶቼ፣ ቆላ ጥጥ እንደ አረም የሚበቅልበት አገር ነው። የጥጥ ነጋዴዎች ለገበያ የማይሆነውን፣ ቅጠልና ፍሬ የተቀላቀለበትን ግርድ በየአጥሩ ሥር ይከምሩታል፤ የዚያ አገር እናቶች እሱን እየዘገኑ ለልጅ ያነጥፋሉ፣ ሲረጥብ ይጥላሉ። ውሃ የለ፣ ማጠብ የለ። ብልሃት ነው። ግን ጥጥ መጣል! እኛ ቤት ከእንዝርት ያመለጠች ቅንጣት ጥጥ ከድመት ጭራ ላይ ትለቀማለች። እናቴ ስትፈትል የወደቀውን ስንከታተል ነው ያደግነው።

ቢሆንም ጥጡን መረጥኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ፣ "ምን ላርግ፣ የውሃ ነገር ነው" እል ነበር። ሲት አሚናም አመነችኝ፣ ጎረቤቱም አመነኝ። እውነቱ ግን ጋቢውን መቅደድ አልቻልኩም። ማታ ማታ ተንተርሼው ስተኛ እናቴን እናቴን ይሸታል፤ ጭስ ጭስ፣ ቅቤ ቅቤ፣ እንዶድ እንዶድ። ሙሉ ጋቢ ይዤ ወጥቻለሁ፣ ሙሉ ጋቢ ይዤ እመለሳለሁ ብዬ በልቤ ተስያለሁ። ከቀደድኩት መመለሱ ቀረ ማለት ነው የሚመስለኝ። ለአንድ ልጅ ሽንት ብዬ እናቴን አልቀድም ብዬ ቁጭ አልኩ።

ጥጡን ደግሞ መጣል አልቻልኩም። መጀመሪያ ቀን ጣልኩ፤ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ የጣልኩትን ተመልሼ ለቀምኩ። አጠብኩት። አዎ፣ ውሃ ለመቆጠብ ብዬ የመረጥኩትን ጥጥ በዚያችው በአንድ ሰው ተኩል ውሃዬ አጠብኩት! አደረቅኩት፣ ፍሬውን ለቀምኩ፣ በደጋን ነደፍኩት፣ ቁጭ ብዬ ፈተልኩት። ልቃቂቱ ሲያድግ ሳይ እፎይ አልኩ፤ ወገኛ ሴት ነኝ። ከእኛ ጋር ለተሰደደው ለወሎዬው ሸማኔ ሰጠሁት። ክሩን ወደ ብርሃን ይዞ እያገላበጠ፣

"እንዴት ያለ ወርቅማ መልክ ነው! በምን ነክረሽው ነው?" አለኝ።

"የቤታችን ምስጢር ነው" አልኩት።

ሸማኔው ያን ክር ለጥለት አደረገው፤ ኩታውን የገዛውም ማን መሰላችሁ? አስተርጓሚው! እሑድ አብረውን የተሰደዱት ቄስ ከዛፍ ሥር ሲቀድሱ ከፊት ቆሞ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ አየሁት። ነጠላዬን ነክሼ ነክሼ ሳቄን ማፈን አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ የምታለቅስ መስሎት "አይዞሽ፣ አገራችንን ያሳየናል" አለኝ። ለሲት አሚና ስነግራት አልጋዋ ላይ ወድቃ ተንከባለለች።

ሳቁ ግን አልቆየልኝም። ግርዱ ጥጥ ቅርፊቱና ስንጥሩ አያልቅም፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት የመልሰው ጭን ተላጠ። ቀይ ሥጋው ወጣ። ሲሸና እንደተቃጠለ ሰው ይጮሃል፤ ሕመሙ ጡት እያስጣለ ያስለቅሰዋል። እኔ ደግሞ አሁንም ጋቢውን አልነካሁም፤ ቀሚሴን ከግርጌው መቅደድ ጀመርኩ። ዛሬ አንድ ስንዝር፣ ነገ አንድ ስንዝር። ቀሚሴ ከቁርጭምጭሚቴ ተነስቶ ወደ ጉልበቴ ሲወጣ ሲት አሚና ጮኸችብኝ።

"ያ ጋቢ የማን ነው? የሙሽራ ነው? ልጁ እየተላጠ ጨርቅ ታስቀምጫለሽ? አንቺ እናት ነሽ ወይስ የሱቅ ዘበኛ?"

ጋቢውን አንስቼ ጫፉን በጥርሴ ያዝኩ፤ እንደገና አጥፌ አስቀመጥኩት።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ሐጂ ይማም መጡ። ቀድሞ መውለዴን ለእናቴ እንዲያደርሱልኝ ልኬባቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ጭንቀት ይታያል፤ መልሰውን አይተው መረቁት፤ ዚር ከሚሉት እንስራ ውሃ ቀድቼ ሰጠኋቸው፤ ጭንቀቱ ግን አልለቀቃቸውም።

"ሐጂ፣ ሞተች እንዴ?" አልኳቸው።

"ኧረ ደህና ናት! ከኔም ካንቺም ትበልጣለች። የላከችኝ ነገር ነው የከበደኝ።"

"ምን አለች?"

የእናቴን ቃል እንዲህ ነገሩኝ። "'ጋቢውን ቀደድሽው ወይ? አልቀደድሽውም፤ አውቅሻለሁ' አለች። 'የልጅ ልጄ ሳይሸናብኝ ልሙት ወይ? እኔ መምጣት አልቻልኩም፤ ያላበስኩሽ እኮ እንዲሸናብኝ ነው። አሁኑኑ ቅደጂ። አንዷን ቁራጭ ደግሞ እሱ ከሸናባት በኋላ ሳታጥቢ ላኪልኝ' አለች።"

"ሳታጥቢ?"

"ሳታጥቢ። እንዳልረሳው ደጋግማ አስብላኛለች።"

እናንተ አያት የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። የእኛ አገር አያት የልጅ ልጇ ጭኗ ላይ ሲሸና እሰይ ብላ ትስቃለች፤ ልብሷን አራግፋ ለጎረቤት ታሳያለች። እኔ እናቴን አድናለሁ ብዬ የጠቀለልኩት ጋቢ ለካ እናቴን ከልጅ ልጇ የከለከልኩበት ነው። ያን ጊዜ አፈርኩ። ሐጂ ፊት፣ ጫፉን በጥርሴ ይዤ ቀደድኩት። ጨርቁ ጭርር ሲል መልሰው ጭኑ እንደተላጠ ከት ብሎ ሳቀ። ሌላ ቀደድኩ፣ እንደገና ሳቀ። እሱ እየሳቀ እኔ እያለቀስኩ ጋቢውን ጨረስነው። ለስላሳውን ጨርቅ ባደረግኩለት ብዙም ሳይቆይ ሸናበት።

ያችን ቁራጭ ለሐጂ ስሰጣቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። "ልጄ፣ እኔ ሰላት የምሰግድ ሰው ነኝ። ቆይ፣ ኪስራ ቀምሷል?"

"አልቀመሰም፤ ጡት ብቻ ነው።"

"ሼሆቻችን ጡት ብቻ የሚጠባ ወንድ ልጅ ሽንት ቀላል ነው፣ ውሃ ረጨት ቢያደርጉበት ይበቃል ይላሉ። ቅቤስ አልዋጠም?"

"ቅቤ ከየት አምጥቼ ሐጂ!"

"እሱስ እውነት ነው። ጭልጋ ተወልዶ ቅቤ ውጦ ቢሆን አልሸከምልሽም ነበር" ብለው ከአህያዋ ጭነት ላይ አሰሩት።

የሆነውን ሲመለሱ ነገሩኝ። መተማ ኬላ ላይ ባንዳው ጥቅልሉን ጠርጥሮ፣ "ፍታ! የሽፍቶች ደብዳቤ ነው" አላቸው። "ባትፈታው ይሻልሃል" አሉት። ፈታው። አፍንጫውን ይዞ ለኬላው አለቃ ለጣሊያኑ ሄዶ ሰጠው። ጣሊያኑ አየ፣ አሸተተ፣ ሐጂን ቀና ብሎ አየና "ባምቢኖ?" አለ፤ የሕፃን ነው ወይ ማለቱ ነው። "ባምቢኖ" አሉት። ጣሊያኑ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን አቁሞ ጨርቁን ራሱ አጠፈው፣ ራሱ መለሰላቸው። ያን ቀን ሌላውን ጭነታቸውን የፈተሸ የለም።

"በሚቀጥለው ሁለት ስጪኝ" አሉኝ ሐጂ፤ "አንዱ ለእናትሽ፣ አንዱ ለኬላው።"

"እሷስ? ምን አለች?"

"አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ 'ሽንቱ ወፍራም ነው፤ ጡቱን አብዢለት፣ አንቺም ውሃ ጠጪ' ብላሻለች። ትራሷ ሥር አድርጋው ነው የምትተኛው።"

ከጋቢው ጨርቅ በኋላ የመልሰው ጭን ዳነ። ውሃውን ማታ ላይ ሲት አሚና ከድርሻዋ ትጨምርልኝ ጀመር፤ በእንዶድ ፈንታ የሱዳን ሳሙና ነበር፣ ጨርቁን ያደርቀዋል፣ ቢሆንም ይታጠባል። ክረምት ሲገባ የጓንግ ወንዝ ሞላ። ጓንግ ከእኛ አገር ከጭልጋ ነው የሚነሳው፤ አፈራችንን ይዞ ደፍርሶ ሲመጣ ሄጄ ጨርቁን እሱ ውስጥ አጠብኩ። ጨርቁ ከመታጠቡ በፊት ከነበረው ይልቅ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ እኔ ግን ሳጥበው ዋልኩ።

ጊዜ ሄደ። መልሰው ዳዴ አለ፣ ኪስራ በላ፣ ከሲት አሚና የእህት ልጆች ጋር እየሮጠ ውጭ ቆሞ መሽናት ተማረ። ጨርቆቹ እያለቁ አንዷ ብቻ ቀረች። በዚህ መሐል ሐጂ ሌላ መልእክት ይዘው መጡ።

"'ሽታው አለቀብኝ፤ ሌላ ላኪልኝ' ብላሻለች" አሉ።

"አሁን እኮ ኪስራ በልቷል፤ አይሸከሙልኝም" አልኳቸው።

"በቆዳ ከረጢት ጠቅልዬ እሸከመዋለሁ። ለእሷ ስል አላህ ይቅር ይለኛል" አሉኝ።

ሐጂ እስኪነሱ ድረስ መልሰውን ጨርቁ ላይ አስተኛሁት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ተረት ነገርኩት፣ ለመንኩት። "ለአያትህ ሽናላት" ስለው፣ "እኔ ትልቅ ነኝ" ብሎ ሮጦ ወጣና አጥሩ ሥር ቆሞ ሸና። ስፈልገው ደረቀ፣ ሳልፈልገው ስንት ሌሊት አረጠበኝ! ሐጂ በሚቀጥለው ይሁን ብለው ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጣሊያንና እንግሊዝ እርስ በርስ መተኳኮስ ጀመሩ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ እኛንም ከገላባት አንስተው ወደ ገዳሪፍ ወሰዱን። ሐጂ የት እንዳሉ አላውቅም። እናቴ ክረምቱን በምን ተከናንባ እንዳሳለፈችው አላውቅም። ተገኘ ከጫካ ብቅ ብሎ ይሁን አይሁን አላውቅም።

በቀደም መልሰው ወባ ያዘው። ትኩሳቱ ሲበረታ ያቺን የቀረችውን የጋቢ ቁራጭ ከሥሩ አነጠፍኩለት፤ በእንቅልፉ ሸናባት። ሲነቃ አፍሮ ፊቱን ሸፈነ፤ እኔ እልል አልኩ። ጎረቤቶቼ ልጁ ሞቶ ያበድኩ መስሏቸው ሮጠው መጡ። ትኩሳቱ በርዶለታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዛሬ ኪስራውን በልቶ ከልጆች ጋር ሲደባደብ ውሏል።

ጨርቁን ጥላ ላይ አድርቄ በቆዳ ጠቅልዬዋለሁ። የዳሱ ጓደኞቼ ሸተተን፣ እጠቢው ይሉኛል። ወደ ጭልጋ የሚሄድ ነጋዴ ያያችሁ ንገሩኝ፤ አላጠብኩትም።